በጌሊክ አጭር ፊልም ለሚሠሩ ተማሪዎች፦ ከካሜራው በፊት ድምፁ

ዛሬ የስኮትላንድ ተማሪዎች ጌሊክ በሚባለው የአገራቸው ነባር ቋንቋ የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች ሳይ ዋልኩ። ፊልም ጂ የሚባለው የጌሊክ አጭር ፊልም ውድድር እ.ኤ.አ. በ2008 ከተጀመረ ወዲህ ስልክ ያለው ሁሉ ይሞክራል፤ ደግ ነው። ምስሉ አይታማም። የሚታማው ድምፁ ነው።

በስኮትላንድ ሌዊስ ወይም ስካይ ደሴት ላይ ውጭ ስትቀርጹ ነፋሱ ምሕረት የለውም። የስልኩ ማይክ ከተናጋሪው ይልቅ ነፋሱን ይቀዳል። የደረት ማይኩን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉት፣ ፀጉራም መሸፈኛ አልብሱት፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ ቅረጹ። በየቦታው ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ ድምፅ ቅዱ፤ ኤዲት ላይ የተቆረጡት ድምፆች የሚገናኙበትን ስፌት የሚሸፍነው እሱ ነው። ይህን የሚዘልሉት ብዙ ናቸው፣ ያስታውቃል።

ሌላው ጣጣ ቋንቋውን የማያውቅ ኤዲተር ነው። ጌሊክ ግሱን ያስቀድማል፤ እንደኛ መጨረሻ ላይ አያደርገውም። ኤዲተሩ የንግግሩን መግቢያ ትንሽ ከቆረጠ ግሱ አብሮ ሄደ። ቋንቋውን የሚችል ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ጌሊክን ትምህርት ቤት ለተማሩ ተዋንያን ደግሞ አፉን የፈታበት ሰው ስክሪፕቱን አንብቦ በስልክ ይቅዳላቸው፣ ከቀረጻው በፊት። በኋላ ድምፅ ልተካ ቢሉ ከንፈሩ አይገጥምም።

የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ አንዱ መስመር 40 ፊደል ገደማ ይሁን። የደሴቶቹ ሰማይ ብዙ ጊዜ ደመናማ ስለሆነ ነጭ ጽሑፍ ያለ ጥቁር ጠርዝ አይነበብም። ቀልድ ካለ ጽሑፉን ከተናጋሪው አታስቀድሙ፤ ተመልካቹ ቀድሞ አንብቦ ይስቅና ተዋናዩ ብቻውን ይቀራል።