አንድ ሽፋን ለአንድ አንባቢ፦ ከመጽሔት ሽፋን ልምምዴ

ሰላም ወገኖች። የመጽሔት የፊት ሽፋን መሥራት እየተለማመድኩ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ቀን ቀን እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነርና የሠርግ ጥሪ ወረቀት እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሽፋን። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም። ግን እንደሱ የምወደው ሥራ የለም።

አሁን አዲስ ሽፋን ስጀምር ኮምፒውተሩን አልከፍትም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ አንድ ሰው እጽፋለሁ። ዕድሜው ስንት ነው? ሴት ናት ወንድ? ምን ያስጨንቀዋል? መጽሔቱን የት ቆሞ ነው የሚያየው? ለሁሉም ተብሎ የተሠራ ሽፋን፣ ሁሉም አይቶት ያልፋል። ፎቶው፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ ውፍረት፣ የርዕሱ አነጋገር፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚያ በአንዱ ሰው ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሥራዬ በጣም ተለውጧል።

“የት ቆሞ ነው የሚያየው” የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ነገር ይወስናል። በውጭ አገር ሱቆች መጽሔቶች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተደራርበው ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው የግራ ጠርዛቸው ነው። ዋና ዋና ርዕሶችን በግራው አንድ ሦስተኛ ላይ የመደርደር ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። እኛ ጋ አዟሪው በክንዱ ላይ ደራርቦ ይዞ ይዞራል። ወይም መሬት ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሮ ይዘረጋል። ያኔ የሚታየው የላይኛው ጫፍ ነው። ስለዚህ ለዚህ ከተማ ስሠራ ዋናውን ርዕስ ወደ ላይ አወጣዋለሁ፤ አንዳንዴም ከመጽሔቱ ስም በላይ። አሁን አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሽፋኑን መጀመሪያ የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ጥፍር በምታህል ምስል። ስለዚህ ሠርቼ ስጨርስ ለራሴ እልክና ስልኬ ላይ አየዋለሁ። ስሙና አንዱ ርዕስ ካልተነበቡ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ኒው ዮርከርን ተመልከቱ። በ1925 እ.ኤ.አ. የተጀመረ መጽሔት ነው። ሽፋኑ ሥዕል ነው፤ ርዕስ አይደረድርበትም። ይህን ማድረግ የሚችለው ብዙው አንባቢው ደንበኛ ስለሆነ ነው። መጽሔቱ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። መንገደኛ ማስቆም አይጠበቅበትም። አዲስ መጽሔት ይህን ልኮርጅ ቢል ማን ያነሳዋል?

ናሽናል ጂኦግራፊክ ቢጫ ጠርዝ የያዘው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ታይም ደግሞ ቀዩን ጠርዝ በ1927። ሁለቱም ከሩቅ ይለያሉ፤ ስማቸውን ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። ጃንሆይ በጥር 1936 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ሰው ተብለው ታይም ላይ ሲወጡ በዚሁ ቀይ ጠርዝ ውስጥ ነበሩ። በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ጥቃቱ ሲደርስ ግን ጠርዙ ጥቁር ሆነ። ከ70 ዓመት በላይ ቀይ ሆኖ ስለኖረ፣ ጥቁሩ ብቻውን ሐዘኑን ተናገረ። ለአንድ ቀለም ታማኝ መሆን የሚጠቅመው ለዚህም ነው። አንድ ቀን መለወጥ ሲኖርባችሁ አንባቢው ወዲያው ያውቃል።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ዓይን።

እዚህ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። የመላእክቱ ፊት በረድፍ ተደርድሯል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው። የትም ብትቆሙ ያዩአችኋል። በቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ወግ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው፣ ጋኔኑም ሆነ ከሓዲው፣ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ሠዓሊው ምእመኑ ከማን ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት እንዳለበት ወስኖ ነው ብሩሹን የሚያነሳው። የሽፋን ሠሪም ውሳኔ ይኸው ነው። በሰኔ 1985 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ የወጣችው የአፍጋኒስታኗ ልጅ ፎቶ እስከ ዛሬ የሚነሳው በዓይኗ ነው። ስቲቭ ማኬሪ ያነሳት ልጅ ቀጥታ አንባቢውን ነው የምታየው። ከእሷ ዓይን ማምለጥ አይቻልም።

ይህን በራሴ ልሞክረው ብዬ የአክስቴን ልጅ በሀበሻ ቀሚስ አነሳኋት። በአንዱ ፎቶ ካሜራውን ታያለች። በሌላው አንገቷን ሰበር አድርጋ የቀሚሷን ጥለት ትመለከታለች። የቀረው ሁሉ አንድ ነው። ሁለቱንም ሽፋን አድርጌ ለጎረቤቶቼ አሳየሁ። የመጀመሪያውን ያዩ አንዲት እናት “ይቺ ልጅ የማን ናት? እንዴት ያለች ቆንጆ ናት!” አሉ። ሁለተኛውን ሳሳያቸው ደግሞ “ጥለቱን የት ነው ያሠራችው?” ብለው ጠየቁኝ። ሌሎቹም እንዲሁ። ልጅቷ ቀጥታ ካየችን እሷን እናያለን። ወደ ልብሱ ካየች እኛም ዓይኗን ተከትለን ወደ ልብሱ እንሄዳለን። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ፎቶ ያምራል አይደለም። አንባቢዋ ልጅቷን እንድታይ ነው የምፈልገው ወይስ ዕቃውን?

በፊደላችን ዙሪያ የተማርኩት ደግሞ ከውጭ ቪዲዮዎች የማይገኝ ነው። እዚያ “ስሙን በትልቁ ፊደል፣ የቀረውን በትንሹ” ይላሉ። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል የለንም። ደረጃ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ብቻ ነው። ፊደሎቻችን ደግሞ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጉ ናቸው። ስለዚህ የመጽሔቱ ስም ስንት ፊደል ነው የሚለው ቁመቱን ይወስነዋል። ኤ4 ወረቀት 210 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ግራና ቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ብንተው 180 ይቀራል። ለልምምድ የያዝኩት ስም “ጥበብ” ሦስት ፊደል ነው። ከዳር እስከ ዳር ከዘረጋሁት አንዱ ፊደል ወደ 60 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የገጹን ቁመት አንድ አምስተኛ ስሙ ብቻ ወሰደው ማለት ነው። ስድስት ፊደል ቢሆን ግማሹ ይበቃው ነበር። እኔ ስሙን አሳንሼ ወደ ግራ አስጠጋሁትና በቀኝ በኩል ለአንድ አጭር ርዕስ ቦታ አገኘሁ።

ሌላም አለ። ታዋቂ መጽሔቶች የሰውየውን ጭንቅላት ስማቸው ላይ ይደርባሉ። ያምራል፤ ጥልቀትም ይሰጣል። በእኛ ፊደል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭንቅላቱ የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ የመካከለኛውን ፊደል እግር ነው። የ“በ”ን እግር ሸፍኑት፤ “ቢ” ይሁን “ባ” ይሁን “ቤ” ማን ያውቃል? የታወቀ ስም ከሆነ አንባቢው በልቡ ይሞላዋል። አዲስ ስም ግን ይጠፋል። ስለዚህ የልጅቷ ፀጉር የፊደሉን ጎን ብቻ እንዲነካ አድርጌ ነው የማስቀምጣት።

እስኪ ስለ ዋናው መልመጃ ልንገራችሁ። አንድ ጉዳይ ያዝኩ፤ የሀገር ልብስ። ከዚያ ለሦስት አንባቢ ሦስት ሽፋን ሠራሁ።

የመጀመሪያዋ አንባቢ ልታገባ የተዘጋጀች ወጣት ናት። ለእሷ የመረጥኩት ቀጥታ የምታየውን ፎቶ ነው፣ ከደረት በላይ ብቻ። ዋናው ርዕስ “በሠርግሽ ቀን ምን ትለብሻለሽ?” ይላል። በአማርኛ ርዕስ ስንጽፍ ግሡ ራሱ አንባቢውን ይመርጣል። “ትለብሻለሽ” ሲል ወንዱ ለእኔ አይደለም ብሎ ያልፋል። ይለፍ። እሷ ግን ስሟን የተጠራች ያህል ዞር ትላለች። ከሥሩ ያሉት ርዕሶች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ዋጋ ነው፣ አንዱ ጊዜ ነው፣ አንዱ የእናቶች ምክር ነው። ሚዜዎቼና እህቶቼ ሲያወሩ የምሰማቸው ጭንቀቶች እነዚህ ስለሆኑ ነው።

ሁለተኛው አንባቢ ሸማኔው ነው። እዚህ ላይ ቆንጆ ፊት ምንም አያደርግለትም። እሱ የሚያውቀው እጅ ነው። መወርወሪያ የያዘ እጅ በጣም አቅርቤ አነሳሁ፤ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። ርዕሱ “የድርና ማግ ዋጋ ሲወጣ ጋቢ በስንት ይሸጥ?” የሚል ነው። ፊደሉ ወፍራም፣ ጌጥ የሌለው፣ ትልቅ። ዕድሜያቸው የገፋ ሸማኔዎች ስላሉ ያለ መነጽር እንዲነበብ ፈልጌያለሁ። ለአንድ ሸማኔ አባት ሳሳያቸው ፎቶውን አልፈው ቀጥታ ርዕሱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። “ይኸ ነው የኛ ጉዳይ” አሉኝ። ሦስቱን ሽፋኖች ሳወዳድር ለኔ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ውበቱ አንባቢውን ከማክበር የመጣ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ከሀገር ርቆ ቆይቶ ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ነው። ለእሱ ራቅ ብዬ ያነሳሁት ፎቶ ይሻላል፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ከኋላ የፋሲል ግንብ። አነጋገሩ “እርስዎ” ነው። ይህ ሽፋን ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ፖስትካርድ ፖስትካርድ ይለኛል።

ነጭ ልብስ ማንሳትን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በተለመደው የወረቀት ኅትመት ነጭ የሚባል ቀለም የለም። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ነጠላው ላይ ብርሃን ከበዛ ሽመናው ይጠፋና ባዶ ወረቀት ይሆናል። መፍትሔው ጠዋት ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ማንሳት ነው። ያኔ ክሩ ጥላ ያወጣል። ከኋላ ደግሞ የድሮ ድንጋይ ግድግዳ ካለ ነጩ ተለይቶ ይወጣል። በዚህ በኩል ጎንደር ታድለናል፤ ግድግዳ አይቸግረንም።

ስለ ቀለም የምከተለው የብራና ጸሐፊዎቻችንን ነው። እነሱ ጽሑፉን በጥቁር ይጽፋሉ። ቀዩን በአብዛኛው ለርዕስና ለቅዱሳን ስም ይቆጥቡታል። ቀይ የሚያስቆመው ጥቂት ሲሆን ነው። በአንድ ሽፋን ላይ ለአንድ ነገር ብቻ ቀይ እሰጣለሁ። በብራና መጻሕፍት ላይ በሚሣለው የሐረግ ጌጥ ግን እጠነቀቃለሁ። ሐረግ ያየ አንባቢ ወዲያው መንፈሳዊ መጽሔት ነው ብሎ ያስባል። ለዚያ አንባቢ ከሆነ የምትሠሩት ግን ከሱ የሚበልጥ የለም።

ለማተም ስታዘጋጁ ፎቶውና ቀለሙ ከየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ እንዲወጣ አድርጉ፤ ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር። ፎቶው በኅትመት መጠኑ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ እንደሚደበዝዝ እወቁት፤ ማተሚያው የሚሠራው በብርሃን ሳይሆን በአራት ቀለም ነው። ከታች ጥግ ላይ ለባርኮድ ነጭ ቦታ ያዙ። የመጽሔት ባርኮድ በ977 ይጀምራል።

ቀጥሎ የምሞክረው ለሰሊጥ ገበሬ የሚሆን ሽፋን ነው፣ በመተማ በኩል ላሉት። ከዚያ አካባቢ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ገበሬው በአዝመራ ሰሞን መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ጻፉልኝ። ርዕሱን ከዚያ ነው የማወጣው። ፊደሉን እስካሁን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባል ፎንት ነው የምሠራው። ለትንንሽ ርዕሶች ግን “ጨ” እና “ጭ” ሲወፍሩ ውስጣቸው የማይደፈን ፎንት እፈልጋለሁ። የምታውቁ ጠቁሙኝ። የሦስቱንም ሽፋኖች ፋይል ለሚፈልግ እልካለሁ፤ ከፍታችሁ እንደፈለጋችሁ ቀያይሩት።