ቁጥሩ እንዲወርድ ጸለይኩ

የኪዳነ ምሕረት ስለት አለብኝ። የተሳልኩትን ዣንጥላ ካስገባሁ ቆይቻለሁ፤ መመስከሩ ግን ቀርቶብኝ ነበር።

በጥር 2011 ዓ.ም. የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሆዴ ግን የአምስት ወር ይመስል ነበር፤ ማስመለሱ ፋታ አልሰጠኝም፤ ደምም ይፈሰኝ ጀመር። በአልትራሳውንድ ሲታይ ልጅ የለም። ማህፀኔን የሞላው ውኃ የቋጠረ፣ የወይን ዘለላ የመሰለ ነገር ነው። ጽንሱ ከመነሻው ተበላሽቶ የእንግዴ ልጁ ብቻ ያለ ልክ ያደገበት እርግዝና መሆኑ ተነገረኝ። ማህፀኔ ተጠረገና አልቅሼ ወደ ቤቴ ገባሁ። የእርግዝናው ሆርሞን ከደሜ እስኪጠፋ በየሳምንቱ ለምርመራ ደም መስጠት እንደነበረብኝ በዚያ ክሊኒክ ማንም አላስረዳኝም። እንዲህ ካለው እርግዝና በኋላ ከመቶ ሴቶች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት የቀረው ሕዋስ እንደገና ስለሚያድግባቸው መድኃኒት እንደሚያስፈልጋቸው ያወቅኩት ስምንት ወር ዘግይቼ ነው። እህቴ ሆይ፣ ይህ ከገጠመሽ ምንም ቢደክምሽ ምርመራውን አታቋርጪ።

ነሐሴ ላይ ደሙ ተመለሰ። ሳል ተጨመረበት፤ አንድ ማለዳ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ሽንቴ ሲመረመር «እርጉዝ ነሽ» ተባልኩ። ባለቤቴ ደስታው አላስችል ብሎት እማዬ ዘንድ ደወለ፤ ከደብረ ብርሃን እልል ስትል በስልኩ ይሰማኝ ነበር። በማግስቱ አልትራሳውንዱ አሁንም ልጅ የለም አለ። ለእማዬ ማን ይንገራት?

መስከረም 2012 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተላክሁ። ራጁ ሳንባዬ ላይ ክብ ክብ ጥላዎች አሳየ። ሐኪሟ ስሙን ነገረችኝ፤ ኮሪዮካርሲኖማ። ከእንግዴ ልጅ ሕዋስ የሚነሣ፣ እምብዛም የማያጋጥም የማህፀን ካንሰር ነው። የሽንት ምርመራው አልዋሸም ነበር፤ የእርግዝናን ሆርሞን የሚያመነጨው ካንሰሩ ራሱ ነው። በደሜ ውስጥ 212,000 ደርሷል። ልቤ እንደዚያ ይደልቅ፣ እጄም ይንቀጠቀጥ የነበረው ሆርሞኑ ሲበዛ የታይሮይድ ዕጢን ስለሚቆሰቁስ ነው።

«እሞታለሁ?» አልኳት።

ወንበሯን ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። «እህቴ፣ ሳንባ ድረስ ሄዶ እንኳ በመድኃኒት ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ይህ ነው» አለችኝ። በፈረንጆች 1956 አሜሪካ ውስጥ ሊ እና ኸርትዝ የተባሉ ሐኪሞች ሜቶትሬክሴት በሚባል መድኃኒት ሳንባዋ ድረስ የተሰራጨባትን ሴት እንዳዳኑ አጫወተችኝ። አደጋው በነጥብ ይሰላል፤ የሆርሞኑ መጠን፣ ካለፈው እርግዝና ወዲህ የቆየው ጊዜ፣ የተሰራጨበት ቦታና ብዛት ይቆጠራል። እስከ ስድስት ነጥብ ያላቸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መድኃኒት ይታከማሉ፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ይድናሉ። ከሰባት ጀምሮ ብዙ መድኃኒት በአንድነት ይሰጣል፤ ከእነዚህም በአግባቡ የታከሙት አብዛኞቹ ይድናሉ። የእኔ ስምንት ነበር።

የዚያን ሌሊት መጸለይ አቃተኝ። «አድነኝ» የሚለው ቃል ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ያዝኩ። «እመቤቴ ሆይ፣ ከልጅሽ ለምኚልኝ፤ ይህን ቁጥር ያውርድልኝ» አልኩ። ከዚያ ሌሊት ወዲያ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

አምስት መድኃኒቶች በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይሰጡኝ ጀመር። ሜቶትሬክሴቱ ከተጀመረ 24 ሰዓት በኋላ በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ ክኒን ነበር፤ ጤነኛውን ሕዋስ ከመድኃኒቱ ጉዳት የሚታደግ ነው። ባለቤቴ ሌሊት አይተኛም። ሰዓቱ ሲደርስ ክኒኑን በአንድ እጁ፣ ውኃውን በሌላው ይዞ ይቀሰቅሰኛል። አንዱ መድኃኒት በጠፋ ሳምንት ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ውሎ ማታ ይዞት ገባ። እግዚአብሔር ጸሎት ሲሰማ እንዴት እንደሚሰማ ያየሁት በዚያ ሰው አቧራ በለበሰ ጫማ ላይ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ቁጥሩ ወረደ። 41,000 ሆነ፤ 6,300 ሆነ፤ 480፣ ከዚያ 37። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከ5 በታች ተባለ፤ ይህም ጤነኛ ሰው የሚኖረው ነው።

ሐኪሟ ግን ገና ሦስት ዙር ይቀርሻል አለች። በምርመራ የማይታይ ሕዋስ ቢቀር እንደገና ይነሣል። አፌ ቆስሏል፤ ፀጉሬ ከረገፈ ቆይቷል። አክስቴ መጥታ «እግዚአብሔር ማረሽ፤ ከእንግዲህ ይህን መርዝ መውሰድ እምነት ማጉደል ነው። ጠበል ይበቃሻል» አለችኝ። ከልቧ አዝና ነው የተናገረችው፤ ልቤም ሸፈተ። ለቀጠሮው ላለመሄድ ወስኜ ነበር።

የነፍስ አባቴ ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ጠበሉን አልከለክልሽም» አሉኝ። «ነገር ግን ቁጥሩ ይውረድልኝ ብለሽ ስትለምኚ በሐኪሟ እጅ አወረደልሽ። አሁን እጇን ብትገፊ የማንን እጅ ነው የምትገፊው?» መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ሄድኩ።

ለጥምቀት ነጭ የደም ሕዋሴ ወርዶ ስለነበር ሰው ከበዛበት እንዳልገባ ተከልክዬ ነበር። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ታቦቱ እስኪያልፍ መስኮቱ ሥር ቆሜ ከበሮውን ሰማሁ። በዚያው ወር ሕክምናው አለቀ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆሜ ስለቴን አገባሁ።

ማህፀኔ አልወጣም፤ መድኃኒቱ ብቻውን በቃ። ለአንድ ዓመት እንዳላረግዝ ታዘዝኩ፤ የጽንሱ ሆርሞን በሽታው ቢመለስ ይሸፍነዋልና። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የወር አበባዬ ዘገየ፤ መመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር ወጣ። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ለማንም አልደወለም። አልትራሳውንድ ክፍሉ ውስጥ ዐይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ባለሙያዋ «ተመልከቺ፤ ልቡ ይመታል» አለች።

ልጄ ጥር 2015 ዓ.ም. ተወለደች። ከወሊድ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት ያው ደም ይመረመራልና እሷን ታቅፌ፣ ከአራስ ጥየቃ ያልተመለሰችውን እማዬን አስከትዬ በዚያው ኮሪደር ተቀመጥኩ። የሰማንያ ቀኗ ክርስትና ገና ነበር። ሲስተር ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ ከ5 በታች ይላል። እማዬ በሽተኛ ባለበት እልል አይባልም ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የሆስፒታሉን በር ስንወጣ ለቀቀችው።