የደብረ ብርሃን ውርጭና የቪትዟ ባትሪ

ደብረ ብርሃን ህዳርና ታህሳስ ላይ መኪናውን ውጪ የሚያሳድር ሰው የምለው ይገባዋል። ጠዋት የፊት መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ታገኘዋለህ፣ ቁልፍ ስታዞር ደሞ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እህህ ብሎ ቀጥ። አዲስ አበባ ምንም ያላስቸገረችኝ ቪትዝ ለስራ እዚህ ይዣት ስመጣ ነው ጉዷ የወጣው፣ አውቶማቲክ ስለሆነች በግፊ ላስነሳት ብትልም አይሆንም፣ የግድ ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል መጥለፍ ነው።

አንዴ የኤፍኤስአር (የአይሱዙ ጭነት መኪና) ሹፌር አይቶኝ "ና በኔ እናስነሳት" አለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተውኩት ምክንያቱም የሱ 24 ቮልት ነው የኔ 12፣ ኮምፒውተሯን ሊያቃጥለው ይችላል። ሚኒባስ ጠብቄ በዛ አስነሳሁ። ኬብሉም ተራ አለው፣ ቀዩ መጀመሪያ የደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ (+) ላይ ከዛ የደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ የደህናው ኔጌቲቭ (-) ላይ፣ የመጨረሻዋ ጫፍ ግን ባትሪው ላይ ሳይሆን የማትነሳው መኪና ላይ ራቅ ያለ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ፣ ባትሪው ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው እሱ ጋ እንዳይሆን ነው።

ያማከርኩት ሁሉ አንዱ ዲናሞ (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) ነው አንዱ ሞተሪኖ ነው ሲለኝ ቮልት መለኪያ ቴስተር ገዛሁ። ጤነኛ ባትሪ ሞልቶ ካደረ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፣ የኔ ጠዋት 12.1 አለ፣ ባለቤቴ ቁልፍ ስታዞር ደሞ ወደ 8 ዘጭ! ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ከተነሳች በኋላ 14.2 ስላለ ዲናሞው ነፃ ወጣ። ተርሚናሉ (ኬብሉ የሚታሰርበት የባትሪው ጫፍ) ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩት (ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱ)፣ ትንሽ ተሻላት እንጂ አልዳነችም።

ሰው ብርዱ ገደለው ይላል፣ ባትሪን የሚያስረጀው ግን የበለጠ ሙቀት ነው፣ ብርድ ሲመጣ ውስጡ ያለው ኬሚካል ይዘገያል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል፣ ያኔ ድካሙ ይጋለጣል። ቤቴና መስሪያ ቤቴ ቅርብ ስለሆኑ ደሞ ቻርጅ ሳይሞላ ነው የማጠፋት።

አዲሱን ባትሪ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ ገዛሁ፣ ሻጩ አሮጌውን ቀንሶ ወሰደልኝ። የተመረተበትን ቀን ሳላይ አልከፈልኩም፣ መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪ በአዲስ ዋጋ ሊሸጥልህ ይችላላ። አሁን አዲስ አበባ በባስ ሄጄ የምሰነብት ከሆነ አላርሙ ባትሪውን እንዳይበላው ኔጌቲቩን ፈትቼ ነው የምሄደው፣ ሬዲዮው ጣቢያዎቹን ይረሳል፣ ይርሳ።