ጥር 9 ጃንዋሪ 9 የሆነበት ቀን

የውሃ ጥራት ላብ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ከምንለካቸው ነገሮች አንዱ ራዶን ነው። ፍሎራይድን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደገ ሰው እንዲያውም ጥርሱ ላይ ነው የሚያውቀው፣ ራዶን ሲባል ግን "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" ይባላል። አለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም በረጅም ዘመን እየተለወጠ ሄዶ ሬዲየም ይሆናል፣ ከሬዲየም ደግሞ ራዶን የሚባል ጨረር የሚያወጣ ጋዝ ይወጣል፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ የከርሰ ምድር ውሃ በአለቱ ስንጥቅ ሲያልፍ ይዞት ይወጣል። ወንዝና ሐይቅ ላይ ጋዙ ወደ አየር ስለሚሄድ ያን ያህል አይገኝም፣ ጉዳዩ ምንጭና ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ነው። የኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ መሬቱ የተሰነጣጠቀ ነው፣ እንደ ሪዮላይትና ኢግኒምብራይት ያሉት የእሳተ ገሞራ አለቶቹም ከባዛልት የበለጠ ዩራኒየም ይይዛሉ፣ ስለዚህ እዚያ ያለ ምንጭ ሲለካ ደስ ይለኛል፣ ሰው የሚጠጣው ነዋ።

ገጠመኙ እንዲህ ነው። ጥር ላይ ነው፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ ሳምፕል የሚያመጣልን ልጅ ከአንድ የገጠር ምንጭ ቀድቶ መጣ። ይሄ ልጅ ሥራውን የሚያከብር ልጅ ነው፣ ይሄን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ስሙ እንዳይነሳ ብዬ ነው። ራዶን እንደ ሌላው ሳምፕል በሃይላንድ ቀድተህ ኪስህ ውስጥ ከተህ የምታመጣው አይደለም፣ ፕላስቲኩ ራሱ ጋዙን ቀስ እያለ ያሳልፈዋል፣ ውሃው ከተንቦጫረቀ ደግሞ እንደ ተከፈተ ለስላሳ ጋዙ ይበናል። እሱ የመስታወት ጠርሙሱን ባልዲ ውስጥ ውሃ ስር አስገብቶ፣ ከምንጩ ቱቦ እንዲሞላ አድርጎ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለ ክዳኑን ይዘጋል፣ ከዚያ ገልብጦ አረፋ መኖሩን ያያል፣ ትንሽ አረፋ ካየ ደፍቶ እንደገና ይቀዳል። ሁለት ጠርሙስ ነው የሚያመጣው፣ አንዱ ማመሳከሪያ። ጠርሙሱ ላይ "ጥር 9፣ 3፡30" ብሎ ጽፏል፣ ልክ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ላይ ነው የቀዳው።

በማግስቱ፣ ማለትም የከተራ ዕለት፣ ራድ ሰቨን በሚባለው ማሽን ለካነው። ማሽኑ አየር እያስገባ ጋዙን ከውሃው ያወጣና ከራዶን የሚወለደውን ፖሎኒየም በአልፋ ጨረሩ ይቆጥራል፣ ማድረቂያ ክሪስታሉ ሰማያዊ መሆኑን አይተህ ነው የምትጀምረው፣ ወደ ሮዝ ከሄደ እርጥበት ገብቷልና ቁጥሩን አትመነውም። ሰማያዊ ነበር፣ ሁሉም ደህና ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። የራዶን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ለመጥፋት የሚፈጅበት ጊዜ፣ 3.82 ቀን ነው፣ ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎም ውስጡ ያለው እየቀነሰ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ የለካኸውን ቁጥር ወደ ተቀዳበት ሰዓት መመለስ አለብህ። ይሄን የሚሠራው ኤክሴሉ ነው፣ የተቀዳበትን ቀንና ሰዓት ስታስገባለት ራሱ ያባዛል። ዳታ የሚያስገባው ባልደረባችን ኤክሴሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ "ጥር 9፣ 3፡30" የሚለውን አይቶ ጃንዋሪ 9፣ 3:30 ብሎ አስገባ። ጥር ጃንዋሪ ነው ብሎ ነው፣ ማንም በወሬ መሀል የሚለው ነገር ነው።

ውጤቱ ከ100 ቤክሬል በሊትር (ቤክሬል የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አልፎ ቁጭ አለ። 100 የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጅ 2013 ባወጣው መመሪያ ያስቀመጠው ቁጥር ነው፣ እኛም እሱን እንደ ማነጻጸሪያ እንይዘዋለን። ኃላፊያችን በዓሉ ሳይገባ ለወረዳው ደብዳቤ መውጣት አለበት አሉ፣ ምንጩ ለጊዜው ይዘጋ የሚል ሐሳብም ተነሳ። እሳቸውንም አልፈርድባቸውም፣ ያንን ቁጥር እያዩ ዝም ማለት አይቻልም።

እኔን የቆረቆረኝ ማሽኑ የጻፈው ጥሬ ቁጥርና ኤክሴሉ ያወጣው ቁጥር መራራቃቸው ነው። ትናንት ለተቀዳ ሳምፕል እርማቱ ሃያ በመቶ አካባቢ ቢጨምር ነው፣ ይሄ ግን አምስት እጥፍ አድርጎታል። በመካከል ያለፈውን ጊዜ የሚያሳየውን ኮለም ሳየው ከዘጠኝ ቀን በላይ ይላል። ሳምፕሉ የገባው ትናንት ማታ፣ ዘጠኝ ቀን ከየት መጣ? ለልጁ ደወልኩለት።

"ያቺን ምንጭ መቼ ነው የቀዳሃት?"

"ትናንት ጠዋት ነዋ፣ ጽፌዋለሁ እኮ፣ ምነው ችግር አለ እንዴ?"

የስምሪት ወረቀቱን አስወጣሁ፣ መኪናው ከግቢ የወጣው ጥር 8 ነው። ጥር 9 ደግሞ ጃንዋሪ 17 ነው። ስምንት ቀን ጠፍቷል፣ በዚያ ላይ የኛ ሦስት ተኩል የፈረንጅ ዘጠኝ ተኩል ስለሆነ ስድስት ሰዓት ተጨምሮበታል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ቁጥሩን ከአራት እጥፍ በላይ አሳብጠውታል። ቀኑን አስተካክለን ስናሰላው ከ100 በጣም ወረደ፣ ሁለተኛውንም ጠርሙስ ያኔውኑ ለካነው፣ ተቀራረበ። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ያዙትና "እንኳን ደወልክ" አሉኝ፣ ዳታ ያስገባውን ልጅ ግን አልተቆጡትም፣ ፎርሙ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ የለውማ።

እኔ ያን ዕለት በጣም ያሰብኩት ስለ ምንጩ ነው። ምንጩ ቢዘጋ ከእሱ የሚቀዱት ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው የሚወርዱት ወደ ወንዝ ነው፣ የወንዙ ውሃ ልጆቹን የሚያሳምመው ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው። ራዶን አያሰጋም እያልኩ አይደለም፣ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ እሱ ነው፣ ግን ዋናው አደጋ በመተንፈስ ነው፣ በመጠጣት የሚመጣው ከዚያ ያነሰ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለመጠጥ ውሃ ገደብ ከማውጣት ይልቅ የቤት ውስጥ አየርን መለካት ይሻላል ነው የሚለው። የአውሮፓው 100ም ቢሆን ካለፈ መርምሩ፣ እዩት የሚል ቁጥር እንጂ በማግስቱ ዝጉ የሚል አይደለም፣ 1,000 ሲያልፍ ነው ያለ ብዙ ክርክር እርምጃ ይወሰድ የሚባለው። ደግሞ ራዶን ከውሃ ለመውጣት ቀላል ነው፣ ውሃው በደንብ አየር እንዲያገኝ ከተደረገ አብዛኛው ይሄዳል፣ ስለዚህ በእውነት ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ የሚታሰበው ማጠራቀሚያው ላይ ማናፈሻ መሥራት ነው።

ከበዓሉ በኋላ ፎርሙን ቀየርነው። አሁን ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፣ ሰዓቱ ጎን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ኤክሴሉም ከአምስት ቀን በላይ ያለፈው ሳምፕል ሲገባ ቀይ ይሆናል። አንድ ሰው ግን ይሄ የመጀመሪያው መሆኑን በምን አወቅን ሲል የድሮውን ፋይል ከስምሪት ወረቀቶቹ ጋር ማመሳከር ጀመርን፣ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ተሠራ። የቀን ስህተት ያለበት ሌላ አላገኘንም። የስድስት ሰዓቷ ስህተት ግን ጥቂት ቦታ ላይ ነበረች፣ እሷ ውጤቱን አራት አምስት በመቶ ብቻ ነው የምታዛባው፣ ቢሆንም አስተካክለን ለየወረዳዎቹ ድጋሚ ልከናል።