ካስማ ቆጣሪው ሻምበል

ወዳጆቼ፣ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ። አበባ ይዘው ለሚመጡት የቢሾፍቱ ልጆች ዝርዝር ብር አዘጋጅቻለሁ፤ ደጅ ስተው ስለማያውቁ ከበቂ በላይ ነው ብዬ አልተማመንም። ዘንድሮ ግን ቀድመው የሚያንኳኩት አንድ በር አይከፈትላቸውም። የእድራችን ሊቀ መንበር፣ በስማቸው ሳይሆን «ሻምበል» እያልን ብቻ የምንጠራቸው አባት፣ በ2017 ሐምሌ ላይ ተለይተውናል።

ሻምበል፣ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር፣ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶችን ከሚያስታጥቁት የአየር ኃይል ወታደሮች አንዱ ነበሩ። ስለ አብራሪዎቹ፣ ይልቁንም አውሮፕላናቸው ተመትቶ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ስለ ቆዩት ስለ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ አውርተው አይጠግቡም፤ ስለ ራሳቸው ሜዳይ ስጠይቃቸው ግን «እኔማ ፒን ነው የነቀልኩ» ብለው አለፉኝ። ጄቱ ሊነሣ ሲል ከሚሳይሉና ከቦምቡ ላይ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸውን ፒኖች ይነቅላሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ከፍ አድርገውም ለአብራሪው ያሳያሉ፤ አንዱ ሳይነቀል ቢቀር አብራሪው ጠላት ፊት ደርሶ ምላጩን በከንቱ ይስባል።

በ1983 ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ እድሩን ተረከቡ፤ የሰፈሩ የጎርፍ መውረጃም በእርሳቸው ጉትጎታ ተቆፈረ። ለቅሶ በደረሰ ቁጥር የድንኳኑን ካስማ አንድ በአንድ በእጃቸው እየነኩ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ቀን «ሻምበል፣ ድንኳን እኮ አይበርም» ብላቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

በሌሊት እየመጣች መርፌ ለወጋቻቸው ጎረቤታችን ነርስ፣ በሐምሌ ዝናብ ድንኳን ተክለው ማንም ሳያዝዛቸው ካስማውን ለቆጠሩት ወጣቶች፣ ከሁሉም በላይ ለባለቤታቸው ለእትዬ፣ ዓመቱ የጤናና የመጽናናት ይሁንላችሁ። እኔን ጨምሮ፣ መዋጮውን በቴሌብር ልከን ከለቅሶ ለምንቀር ደግሞ እግር ይስጠን።

ባለፈው ሳምንት የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን አሳዩኝ። ሻምበል አልጋ ላይ በዋሉበት በሰኔ፣ ሳይገኙ በቀሩበት ቀብር ትይዩ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ የራሳቸውን ስም ጽፈዋል፤ «ቀሪ። ቅጣት 20 ብር። ተከፍሏል»።