ያበላሸኋቸው 12 ካርዶች

ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ነው ይህን የምጽፈው። በእጄ ቀለም ልቀባቸው ያሳተምኳቸው የምስጋና ካርዶች ነበሩ። መጠናቸው 105 በ148 ሚሊሜትር፣ ፊታቸው ላይ ደቃቅ አበባና ሐረግ በጥቁር መስመር የታተመባቸው። አንዳንዱ የአበባ ቅጠል ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

ወረቀቱ አላስቸገረኝም። በካሬ ሜትር 250 ግራም የሚመዝን፣ የማያብለጨልጭ፣ ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር የሚል ወሰድኩ። የሚያብለጨልጭ ካርድ የቀለም እርሳስ አይዝም፤ ተዉት። ማተሚያ ቤት በሌዘር ፕሪንተር አተሙልኝ።

ጉዱ የመጣው ከማርከሩ ነው። ሻጩ “ይሄ አልኮል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይለቅም” አለኝ። አመንኩት። የመጀመሪያውን አበባ ቢጫ ቀባሁ። ቀለሙ መስመሩ ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ ወረቀቱ ውስጥ እየሰረገ ወደ ጎረቤት ቅጠል ተሻገረ። ጫፉ መስመሩን ሲነካ ደግሞ ጥቁሩ ተነሳ። ቢጫዬ ጭቃ የመሰለ አረንጓዴ ሆነ። የማርከሩም ጫፍ ጠቆረ፤ ቀጥሎ የነካውን ሁሉ አቆሸሸ። ካርዱን ስገለብጠው መልእክት የሚጻፍበት ቦታ ቢጫ በቢጫ ሆኗል።

ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም፣ ቶነር የሚባለው፣ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። አልኮል ያሟሟዋል። በኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር፣ ከታተመ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱን የሚያስለቅቀው ውሃ ነው። ስለዚህ “አይለቅም” ማለት ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ካርዱ በምን እንደታተመ ሳይጠይቅ ማርከር የሚሸጥ ሰው እስካሁን ያናድደኛል። በራሴም እናደዳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ማቆም ስችል “ሲደርቅ ይስተካከላል” እያልኩ 12ቱንም አዳረስኳቸው። አንዱም አልተስተካከለም።

አሁን ዋናው መሣሪያዬ የቀለም እርሳስ ነው። ሁሉም ሰው ለስላሳውን ግዙ ይላል። ለትልቅ ሥዕል እውነት ነው። ለምስር ለሚያህል ቅጠል ግን አይሆንም፤ ሰም የበዛበት ለስላሳ እርሳስ ሦስት አራት ጊዜ ሲጫር ጫፉ ይደንዛል። እንደ ፕሪዝማከለር ቬሪቲን ያለ ጠንካራ እርሳስ፣ ወይም እንደ ፖሊክሮሞስ ያለ ዘይት ያለበት፣ ሹልነቱ ይቆያል። 120 ቀለም ያለው ሳጥን ላይ ገንዘብ አታጥፉ። 24 ይበቃል፤ የተረፈውን ጥሩ መቅረጫ ግዙበት። እኔ በየሁለት ቅጠሉ እቀርጻለሁ። ሳልጫን፣ ስስ አድርጌ፣ ደጋግሜ ነው የምቀባው።

እርሳስ ለማይገባበት ጥግ ማይክሮን 005 የሚባል ቀጭን እስክሪብቶ አለኝ። መስመሩ 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ ከደረቀ ውሃ አያስለቅቀውም። ግን እስክሪብቶው ይቅደም፣ እርሳሱ ይከተል። እኔ ገልብጬ ሠርቼ ሰሙ ጫፉን ደፈነብኝ፤ አንዱን እስክሪብቶ በዚያው ጣልኩት። ጄል እስክሪብቶ ደግሞ የመጨረሻ ነው፤ ለአንዲት ነጥብ ብቻ። ቶሎ ስለማይደርቅ እጅ ሲነካው ይለቀለቃል። ከእጄ ሥር ሁልጊዜ ንጹህ ወረቀት አደርጋለሁ።

የተበላሹትን 12 ካርዶች አልጣልኳቸውም። አዲስ ነገር በገዛሁ ቁጥር አንዱን አወጣና ጥቁሩ መስመር ላይ እሞክረዋለሁ። ጥቁሩ ከተነሳ ያ እስክሪብቶ ካርድ አይነካም። እስካሁን አራቱ ሞልተዋል።