ከሮቶ የሚወርድ ውሃና የመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች

ጭንቀት ሲመጣ ትንፋሽን ለመግዛት በቀዝቃዛ ውሃ የምትለማመዱ ከሆነ አራት ዓምድ ያለው መዝገብ ያዙ፦ ሰዓት፣ የውሃው ዲግሪ፣ ትንፋሽ የተመለሰበት ሴኮንድ፣ ትንፋሹ ከመታጠቢያ ቤት ውጭ የሠራበት ቦታ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ደጅ ያደረ የሮቶ ውሃ ንጋት ላይ ሌላ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ። ጥቁር ሮቶ ቀን ፀሐዩን ይጠጣል፣ ሌሊት ሙቀቱን ይለቃል። ስለዚህ ሰዓቱና የውሃው ዲግሪ ያልሰፈረበት መዝገብ ላይ «ዛሬ ቀለለኝ» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግረንም። የሜርኩሪ ትኩሳት መለኪያ ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያሳይ ለዚህ አይሆንም። የምግብ ቴርሞሜትር ባልዲው ውስጥ አንድ ደቂቃ አቆዩ።

ሦስተኛው ዓምድ ዋናው ነው፦ ትንፋሽ በስንት ሴኮንድ ተመለሰ? ቀዝቃዛ ውሃ ደረትና ጀርባን ሲያገኝ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ማለዳ ጠበል የተጠመቀ ሁሉ ያውቀዋል። ድንጋጤው በመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች ይበረታና በሁለት ሦስት ደቂቃ ይረግባል። ልምምዱ ያለው ድንጋጤው እስኪረግብ ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ መቆም ብርድ መቻል ብቻ ነው።

በለመዳችሁት ውሃ ታጥባችሁ ጨርሱ። ከዚያ ቀዝቃዛውን ከእግር ጀምራችሁ ወደ ጭን፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ በመጨረሻ ጀርባና ደረት። ውሃው ደረት ሳይደርስ ትንፋሽ ማስወጣት ጀምሩ፤ በአፍንጫ እስከ ሦስት ቆጥራችሁ አስገቡ፣ በአፍ እስከ ስድስት ቆጥራችሁ አስወጡ። አንደኛ ሳምንት 15 ሴኮንድ፣ ከዚያ 30፣ 60፣ 90። ውሃው ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ ጊዜውን በግማሽ ቀንሱ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 10 ሊትር ባልዲና አንድ ሊትር ጆግ ይበቃል፦ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ጆግ፣ በባልዲው አንድ ደቂቃ። ጆጉ በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሚያስደነግጥ ለትንፋሽ ልምምድ እንዲያውም ከሻወር ይሻላል።

ልምምዱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትንፋሽ በማፈን ነው። ከውጭ እርጋታ ይመስላል፤ ቆጠራው ከተቋረጠ ግን ያን ቀን ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አልተሳካም» ብላችሁ ጻፉ። ትንፋሽ ይዞ ፊትን ሳፋ ውስጥ መንከርማ ጭራሽ አይሞከር፦ የሰውነት ድንጋጤ ልብን ያፈጥናል፣ የፊት ቅዝቃዜ ያዘገያል፣ ሁለቱ ሲጋጩ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

ከ90 ሴኮንድ በላይ መጨመር አያስፈልግም። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈው፣ ለ30 ቀን ሻወራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ የጨረሱት በሕመም ከሥራ መቅረታቸው እንዲህ ካላደረጉት በ29 በመቶ ያነሰ ነበር፤ የታመሙባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። በ30፣ በ60 እና በ90 ሴኮንድ መካከልም ልዩነት አልታየም።

ሲያልቅ ፎጣ፣ ካልሲ፣ ጋቢ። መንቀጥቀጡ ከ10 ደቂቃ ካለፈ በማግስቱ ወደ ቀድሞው ሳምንት ተመለሱ። በሩን ዘግቶ ከሰል መሞቅ ፈጽሞ አይደረግ፤ ጢስ ባይታይም ይገድላል። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ።

አራተኛው ዓምድ ለጭንቀቱ ነው፦ ያች የስድስት ቆጠራ ትንፋሽ ዛሬ ከመታጠቢያ ቤት ውጭ የት ሠራች? የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከአከራይ ጋር ስትነጋገሩ፣ አለቃ ሲቆጣ። ሰውነት ውሃውን ስለለመደ ብቻ ንዴቱን አይለምድም፤ ትንፋሹን ሆን ብሎ እዚያ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ ዓምድ ሁለት ሳምንት ባዶ ከሆነ ሴኮንድ መጨመሩን አቁማችሁ በቀን አንድ ቦታ መርጣችሁ እሱን ሙሉ።